«ቲቸር፣ ይቺን አልተማርናትም»

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ብዙ ይጻፋል። እኔም አነባለሁ። ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ያኔ ሁሉም ይደነግጣል። ተማሪው ሰነፍ ነው ይባላል። መምህሩ ችሎታ የለውም ይባላል። ስልክና ቲክቶክ ይወቀሳሉ። ትንሽ ቆይቶ ወሬው ይበርዳል።

እኔ የማስተምረው 2ኛ ክፍል ነው፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት። 19 ዓመት ሙሉ የዋልኩት ከትንንሽ ልጆች ጋር ነው። ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው።

56 ልጆች አሉኝ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ስለ ቁጥሩ አላማርርም፤ ከዚህ የበዛም አስተምሬ አውቃለሁ። ጠዋት ሰልፍ አለ፣ ባንዲራ አለ፣ መዝሙር አለ። ከዚያ ስም ጥሪ። ከዚያ 40 ደቂቃው ይጀምራል። የ2ኛ ክፍል 40 ደቂቃ ምን እንደሚመስል ውጭ ያለ ሰው አያውቀውም። «ቲቸር፣ እርሳሴ ተሰበረ።» «ቲቸር፣ ላጲሴን ወሰደብኝ።» «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» «ቲቸር፣ ጨርሻለሁ፣ ራይት አድርጊልኝ!» ደብተር ይዘው ይከቡኛል። 56 ደብተር ስታርሚ ደወሉ ይደወላል። በነገራችን ላይ፣ በከተማችን የትምህርት ቤት ምገባ ከተጀመረ ወዲህ ረፋድ ላይ ዴስክ ላይ የሚደፋ ልጅ በጣም ቀንሷል። ይህን ሳልመሰክር ማለፍ አልፈልግም።

በዚህ ሩጫ መሀል ንባብ የምናስተምረው በኅብረት ነው። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፣ 56ቱም ተከትለውኝ ይላሉ። ደስ ይላል። ድምፃቸው ግቢው ውስጥ ይሰማል። ርእሰ መምህሩ በመስኮት በኩል ሲያልፉ ፈገግ ይላሉ። እኔም ለዓመታት ይህን ድምፅ ስሰማ ልጆቼ እያነበቡ ነው ብዬ አምን ነበር።

የካቲት ላይ አንዲት ተማሪዬን ብቻዋን አስነበብኳት። ከክፍሉ ሁሉ ደብተሯ የሚያምር ልጅ ናት። ፊደሏ የተሰመረ ነው፣ ሥርዝ ድልዝ የለባትም። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አማርኛ ላይ 88 ሰጥቻታለሁ። የምናውቀውን ምንባብ ከፈትኩላት። እንደ ውኃ ወረደችው። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ መጽሐፉን ገልጬ ገና ያልደረስንበትን ገጽ አሳየኋት። ጣቷን የመጀመሪያዋ ቃል ላይ አድርጋ ዝም አለች። ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ቲቸር፣ ይቺን አልተማርናትም» አለችኝ።

ቃሏ «ልብስ» የምትል ናት። ሦስቱንም ፊደላት ታውቃቸዋለች። በሺህ ጊዜ ጽፋቸዋለች። ግን ሰሌዳ ላይ ያለውን እንደ ሥዕል ነበር የምትቀዳው። ምንባቡን ደግሞ በጆሮዋ ነበር የያዘችው። በእሷ ቤት ማንበብ ማለት የተማርነውን ገጽ በቃል መያዝ ነው።

88ቱ ከየት መጣ? ተቀምጬ አሰብኩት። የክፍል ሥራው መቅዳት ነው። የቤት ሥራውን ታላቅ ወንድሟ ያሠራታል። ፈተናውን ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ ጮክ ብዬ የማነብላቸው፤ እነሱ እውነት ወይም ሐሰት ይላሉ፣ ያዛምዳሉ፣ ያከብባሉ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ብቻዋን አንብባ እንድታሳየኝ ጠይቄያት አላውቅም ማለት ነው። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ለእናቷም ነግሬያታለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከመጨረሻዋ ክፍለ ጊዜ 10 ደቂቃ ቆረስኩ። ሌሎቹ ሥዕል ይሥላሉ። 5 ልጆች ተራ በተራ አጠገቤ መጥተው፣ አይተውት የማያውቁትን አጭር ጽሑፍ በዝግታ ያነቡልኛል። ሁሉንም ለማዳረስ 12 የትምህርት ቀን ፈጀብኝ። ከ56ቱ 17ቱ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ማንበብ አልቻሉም። ከ17ቱ 6ቱ ፊደሉን ከመደዳው ሲያወጡት አያውቁትም።

አንዱ ልጅ አይረሳኝም። «ቢ» የትኛዋ ናት አልኩት። ጣቱን ገበታው ላይ አድርጎ «በ፣ ቡ፣ ቢ!» ብሎ ደረሰባት። «ሞ»ንም እንደዚያው፣ ከ«መ» ተነሥቶ እስከ ሰባተኛዋ ተጓዘ። በጣም ጎበዝ ልጅ ነው፣ አንድም አልሳተም። ግን አንድ ቃል ውስጥ አራት ፊደል ቢኖር አራት ጊዜ መጓዝ አለበት። አራተኛዋ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያዋን ረስቷታል።

የድሮ የኔታዎች ይህን ነገር በደንብ ያውቁት ነበር። ፊደል መቁጠር የምንለው ከእነሱ የመጣ ነው። ልጁ ሀ ሁን ከቆጠረ በኋላ ግን እዚያ አይተዉትም። ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉም ይለወጣል፣ ድምፁም ይለወጣል፤ በዜማ የያዘው ልጅ ወዲያው ይያዛል። በስንደዶ አንዷን ፊደል ነጥለው «ይቺስ?» ይሉታል። ይህ ሁሉ ያለ ወርክሾፕና ያለ ማኑዋል ነው። እኛ ዘመናዊዎቹ ዜማውን ወርሰን ስንደዶውን ጣልነው። አሁን እኔ ስንደዶውን መልሼዋለሁ። ክፍሌ ውስጥ የፊደል ካርዶች አሉ፣ ከካርቶን የቆረጥኳቸው፤ ጠዋት ጠዋት በውዤ አንድ አንድ ልጅ አወጣለሁ።

ፊደላችን ለልጅ ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እንደተጻፈ ይነበባል ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ግን 33ቱን በ7 አባዙት፣ 231 ይሆናል፣ እንደ «ሏ» ያሉትን ዲቃላዎች ሳይጨምር። ካዕቡና ሣልሱ፣ ማለትም ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ደህና ይሄዳሉ፤ «ሩ» እና «ፉ» ላይ ሲደርሱ ያ የተለመደው ቅጥል ይጠፋል። ስድስተኛው፣ ሳድሱ፣ ደግሞ መልክ የለውም። «ል»፣ «ም»፣ «ት»፣ «ን»፣ «ር» እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚታጠፈው። «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ»፣ «ጠ» እና «ጨ» በአንዲት ሰረዝ ነው የሚለያዩት። በተሰባበረ ሰሌዳ ላይ፣ ከኋላ ዴስክ ሆኖ፣ ያቺ ሰረዝ አትታይም። ከተማሪዎቼ አንዱ ለዓመት ሰነፍ ሲባል የኖረው ዓይኑ ስለማያይ ነበር። ፊት ዴስክ ላይ ሳስቀምጠው ማንበብ ጀመረ።

ከዚያ የማይጻፈው ነገር አለ። «ገና» የሚለውን ቃል ስጡት። ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። «ዋና»ም እንደዚሁ፤ አንዱ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሌላው ዋናው ነገር ነው። «አለ» ሁለት ነው። የትኛው እንደሆነ ፊደሉ አይነግረውም፣ ዓረፍተ ነገሩ ነው የሚነግረው። ስለዚህ አንድ ልጅ ማጥበቅና ማላላቱን በትክክል ካነበበልኝ ገብቶታል ማለት ነው። በሮቦት ድምፅ ፊደል በፊደል ካለልኝ ገና ነው። እንደ መምህር ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም፤ ወጪም የለውም።

ስለ ሒሳብም ልናገር። ብዙ ወላጅ «ልጄ ሒሳብ አይሆንለትም» ይለኛል። 12 ሲቀነስ 5 ብዬ ከጻፍኩ ይሠሩታል። «አንዲት እናት 12 ብርቱካን ገዛች። 5ቱን ለልጆቿ ሰጠች። ስንት ቀራት?» ብዬ ከጻፍኩ ግን ማንበብ ካልቻሉት ልጆች አብዛኞቹ «17» ብለው ይመልሱልኛል። ሁለት ቁጥር ዓይተው ደመሩት። ያንኑ ጥያቄ ሳነብላቸው ወዲያው «7!» ይላሉ። ቅነሳውን ያውቁታል። ያልቻሉት ማንበብ ነው። እነዚህ ልጆች 5ኛ ክፍል ሲደርሱ፣ «አካባቢ ሳይንስ»ም፣ ሁሉም ትምህርት እንዲህ ነው የሚሆንባቸው።

ይህ የእኔ ክፍል ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ አልጽፍም ነበር። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና በአዲስ አበባ በተደረገ የንባብ ምዘና ላይ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በ7 ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፤ ጥሩ ሥራ ነበር፣ እኔም በእነሱ አስተምሬያለሁ። ግን አንድ ስሌት ሥሩልኝ። ከዚያ ምዘና ሁለት ዓመት ዘግይተው 2ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ሳይደግሙ ከመጡ በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ተፈታኞች ናቸው። 3.3 በመቶው ብቻ ግማሽ አመጡ ያልናቸው። በየዓመቱ የምንደነግጥበት ነገር የተጀመረው ያኔ፣ እንደ እኔ ባለ ክፍል ውስጥ፣ በኅብረት እየጮኹ ነው።

በታችኞቹ ክፍሎች ልጆች ሳይወድቁ፣ በነፃ ዝውውር ነው የሚያልፉት። ሐሳቡን አልቃወምም። የ7 ዓመት ልጅ ወድቀሃል ተብሎ ከጓደኞቹ ቢለይ ይሰበራል። ግን ነፃ ዝውውሩ የታሰበው መምህሩ በየጊዜው እያየ እንዲደግፈው ነበር። ድጋፉን ትተን ዝውውሩን ብቻ ያዝን። እስካሁን ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ጎበዝ የተባለ መምህር ወዲያው ወደ 6ኛና 8ኛ ክፍል ይወሰዳል፣ ፈተና ስላለ። 1ኛ ክፍል የሚሰጠው ለአዲስ ተቀጣሪ ነው፣ ወይም ጡረታው ለደረሰ። እኔን ራሴን ሁለት ጊዜ «እንደ ዕድገት ቁጠሪው» ብለው ወደ ላይኛው ክፍል ሊያዛውሩኝ ነበር። እምቢ አልኩ። 1ኛ ክፍልን ለአንጋፋና ለጎበዝ መምህር የሚሰጥ፣ ለዚያም ትንሽ የሚጨምርለት ርእሰ መምህር ቢኖር ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር። የተረት መጻሕፍትም አሉን። ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው፣ ይቀደዳሉ ተብሎ ተቆልፎባቸዋል። ቁልፉን ለምኜ አርብ አርብ 20 መጽሐፍ አወጣለሁ። እስካሁን ሁለት ተቀድደዋል። በፕላስተር ለጥፈናቸዋል።

ወደዚያች ልጅ እናት ልመለስ። ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው የምታስተምራት። ስነግራት አለቀሰች። «መምህር፣ እኔ እኮ አልተማርኩም፣ ምን ላድርግላት?» አለችኝ። «የኔ እህት፣ አንቺ ዝም ብለሽ ስሚያት» አልኳት። «ማታ አንድ አዲስ ገጽ ታንብብልሽ። የምትለው ከገባሽ እያነበበች ነው። ካልገባሽ፣ አልገባኝም ድገሚልኝ በያት።» በሳምንቱ መጣችና «ትናንት የጅቡን ታሪክ ነገረችኝ፣ ግን መጨረሻው አልገባኝም፣ አስደገምኳት» አለችኝ። እኔ ለ56 ልጅ ማድረግ የማልችለውን እሷ በየማታው ታደርገዋለች። ለሁሉም ወላጆች የምለው ይህንኑ ነው። አልተማርኩም ብላችሁ አትራቁ። ከተማራችሁም ደግሞ ደብተሩን አይታችሁ «ጎበዝ» ብላችሁ አትለፉ። ያልተማረውን ገጽ ክፈቱለት።

ግንቦት ደርሷል። 17ቱ አሁን 8 ሆነዋል። ያ የሚጓዘው ልጅ ካርድ ሳወጣለት መጓዝ ትቷል፤ አልፎ አልፎ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የ8ቱን ስም ለ3ኛ ክፍል መምህራቸው በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ።

የተከበሩ አዘጋጅ፣ እርስዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሳምንት አንዴ፣ ጥግ ላይ ቢሆንም፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ የልጆች ተረት አውጡልን። 15 መስመር ይበቃል። አዲስ ይሁን፣ ልጆቹ ከዚህ በፊት ሰምተውት የማያውቁት። ጋዜጣውን ገዝቼ እቆርጠዋለሁ፣ ክፍሌ ግድግዳ ላይ በቁመታቸው ልክ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የ2ኛ ክፍል መምህርት፣ አዲስ አበባ