ወርቅን ከመርዝ ጋር ስለሚያቦካው በርሜል

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ማዕድን ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ

ጉዳዩ፦ የወርቅ ድንጋይን ከሜርኩሪ ጋር አንድ ላይ የሚፈጩና የሚያቦኩ ማሽኖችን ይመለከታል

ክቡራን ሆይ፣

እኔ አሶሳ ውስጥ የብየዳ ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ። በር፣ መስኮት፣ የውኃ ታንከር ማቆሚያ፣ የወፍጮ ቤት ዕቃ እሠራለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሰው ለመክሰስ አይደለም። የሚከሰስ ካለ ግንባር ቀደሙ እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ ሦስት በርሜል ሠርቼ ሸጫለሁ። አራተኛው ግቢዬ ውስጥ በግማሽ ተበይዶ ተቀምጧል። የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ደንበኛ የመጣው በስልኩ ፎቶግራፍ ይዞ ነበር። ፎቶግራፉ ከድንበር ማዶ የተነሣ እንደሆነ ነገረኝ። ዕቃው ከወፍራም ላሜራ የተጠቀለለ፣ በሁለት ኩሽኔታ ላይ የተጋደመ በርሜል ነው፤ በቺንጋ ከናፍጣ ሞተር ጋር ተያይዞ ይዞራል። ግንበኞች ሚክሰር ከሚሉት ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ አፉ በቡሎን የሚታሰር መሆኑና ሆዱ ውስጥ የብረት ኳሶች መኖራቸው ነው። «ድንጋይ መፍጫ ነው» አለኝ። አልዋሸም፣ ድንጋይ ይፈጫል። እኔም ደስ ብሎኝ ሠራሁ። እናቶች በዘነዘና ሲወቅጡት የሚውሉትን ነጭ ድንጋይ በሁለት ሰዓት ዱቄት የሚያደርግ ማሽን መሥራት ምን ነውር አለበት?

ነውሩን ያየሁት ኩሽኔታው ተበልቶ ለጥገና ቦታው ድረስ የሄድኩ ዕለት ነው። ድንጋዩና ውኃው ከገባ በኋላ ሰውየው ከፕላስቲክ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ነገር ቀድቶ በርሜሉ ውስጥ ጨመረ። ሜርኩሪ ነው፤ የድሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት። ቡሎኑን አሰረና ሞተሩን አስነሣ። ሲያበቃ ጭቃውን በሳፋ ተቀበለ፤ ከታች የተኛውን ከባድ ነገር በጨርቅ ጨመቀው፤ በእጁ የቀረችውን ግራጫ ድቡልቡል በአካፋ ላይ አድርጎ ከሰል ምድጃ ላይ አስቀመጣት። ግራጫው ጠፍቶ ቢጫው ብቅ አለ። ያው ምድጃ ጠዋት ቡና ተፈልቶበታል። ጭቃው ደግሞ በቦዩ ወረደ። ከታች፣ ድምፃችን በሚሰማበት ርቀት፣ ሁለት ሴቶች በገበቴ ወርቅ ያጥባሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ተምሬ አይደለም፤ የሠራሁት ዕቃ ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ያወቅሁትን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ሊመስል ይችላል፤ መሥሪያ ቤታችሁ የጂኦሎጂና የብረታ ብረት ምሁራን አሉት። ሆኖም ከብየዳ ቤት ሲታይ ነገሩ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ብትሰሙት አይከፋም።

ሜርኩሪ ወርቅን የሚይዘው ሲነካው ብቻ ነው። በሳህን ላይ ቀስ ብሎ ከተሸ ቅንጣቶቹን ሰብስቦ አንድ ይሆናል። በርሜል ውስጥ ግን የብረት ኳሶቹ ድንጋዩን እንደሚያደቅቁት ሜርኩሪውንም ይበትኑታል፤ በዓይን የማይታይ ጠብታ ይሆናል፣ በጭቃ፣ በዝገትና በሞተር ዘይት ይሸፈናል፣ ተመልሶም አይገናኝም። ከዚያ የያዘውን ወርቅ ይዞ ከጭቃው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ባለበርሜሉ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ሜርኩሪውም ይጠፋል፣ ወርቁም ይጠፋል። በዚህ ዘዴ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በድንጋዩ ውስጥ ካለው ወርቅ ከግማሽ በታች ነው። የሚባክነው ሜርኩሪ ደግሞ ለአንድ ግራም ወርቅ ከሦስት ግራም ይጀምራል፤ አንዳንድ ቦታ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ግን ከፈሰሰ የማይለቀም ነው።

እኔን በይበልጥ ያሳፈረኝ ማሽኑ አዲስ አለመሆኑ ነው። ደንበኛዬ «ዘመናዊ» ሲለኝ አምኜው ነበር። ለካ በርቶሎሜ ደ ሜዲና የተባለ የስፔን ከተማ የሴቪል ነጋዴ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ሜክሲኮ ውስጥ ፓቹካ በምትባል ቦታ፣ የተፈጨ የብር ድንጋይ ከጨው፣ ከመዳብ ሰልፌትና ከሜርኩሪ ጋር በሰፊ ሜዳ ላይ አስጥቶ ያስረግጠው ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሚረግጡት በቅሎዎች ሆኑ። ልክ እኛ አውድማ ላይ እህል በበሬ እንደምናስረግጠው፤ የእሱ ግን ሳምንታት ይፈጅ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኢግናዝ ፎን ቦርን የሚባል የኦስትሪያ ምሁር ዘዴውን አውሮፓ ውስጥ አስፋፋው፤ ጀርመን ውስጥ ፍራይበርግ ላይ ነገሩ ወደሚሽከረከር በርሜል ተቀየረ፣ በርሜሎቹም በውኃ ኃይል ይዞሩ ነበር። የእኔ በርሜል አያት እነሱ ናቸው። ከዚያ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ፣ ኮምስቶክ በተባለው የብርና የወርቅ ስፍራ፣ አልማሪን ፖል የሚባል ሰው በእንፋሎት የሚሞቅ ትልቅ የብረት ድስት አቆመ፤ ውስጡ የሚዞረው ከባድ ብረት ድንጋዩን እየፈጨ ከሜርኩሪ ጋር ያቦካዋል፤ ሳምንታት የሚፈጀው ሥራ በሰዓታት አለቀ።

እንደ ብረት ሠራተኛ ስመለከተው የሚደነቅ ሥራ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ከእነዚያ ድስቶች ያመለጠው በብዙ ሺህ ቶን የሚቆጠር ሜርኩሪ ካርሰን የሚባለው ወንዝ ውስጥ ገባ። የአሜሪካ መንግሥት ወንዙን በ1990 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ እጅግ ከተበከሉ ስፍራዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ዛሬም ከእሱ የሚጠመደውን ዓሣ አትብሉ እየተባለ ነው። ድስቶቹ ከቆሙ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዓለም ራሱ ከ1887 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ማክአርተርና ሁለቱ የፎረስት ወንድማማቾች ግላስጎው ላይ ወርቅን ሳያናይድ በተባለ ኬሚካል አሟሙቶ የማውጣትን ዘዴ ካገኙ በኋላ፣ የሜርኩሪውን ማሽን ቀስ በቀስ ጣለው። ታዲያ ሌላው ዓለም የጣለውን ነው እኔ አሶሳ ላይ በአዲስ ቀለም ቀብቼ የሸጥኩት።

ከድንበራችን ማዶ ሱዳን ውስጥ ነገሩ ምን እንደደረሰ ማየት ይቻላል። ወርቁን በእርጥብ ወፍጮ ከሜርኩሪ ጋር ይፈጩታል፤ የተረፈውን ጭቃ «ካርታ» ይሉታል፤ ካርታው ተሰብስቦ ለሳያናይድ ሥራ ይሸጣል። ጭቃው ውስጥ የቀረው ሜርኩሪ ከሳያናይድ ጋር ሲገናኝ በውኃ ይሟሟል፤ በቦታው ተኝቶ ሊቀር ይችል የነበረው መርዝ እግር አወጣ ማለት ነው። በጃፓን ከተማ በሚናማታ ስም የተጠራው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከአነስተኛ የወርቅ ሥራ ሊወገዱ ይገባል ብሎ የዘረዘራቸው ድርጊቶች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ድንጋዩን በሙሉ ከሜርኩሪ ጋር ማቡካት ነው። የመጨረሻው ሜርኩሪ የነካውን ጭቃ ሳያጸዱ ሳያናይድ ውስጥ መጨመር ነው። መካከል ላይ ያሉት ሁለቱ የወርቅና የሜርኩሪ ድብልቅን ሜዳ ላይና መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ማቃጠል ናቸው። እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከአራቱ ሦስቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባህላዊ ማዕድን ማምረትን ሲተረጉም በአብዛኛው በሰው ጉልበት የሚከናወን፣ ማሽን የማይገባበት ሥራ ያደርገዋል። በዚህ ትርጉም የእኔ በርሜል ባህላዊ አይደለም። ፈቃድ ያለው ትልቅ ኩባንያ ደግሞ እንዲህ ያለ ዕቃ ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ እኔ እስከማውቀው በርሜሉ በሕግ ፊት የለም። የሌለውን ነገር የሚመረምረው ሰው የለም፤ የሠራውንም የሚጠይቅ የለም። በ2010 ዓ.ም. የሻኪሶና የአካባቢው ሕዝብ ስለ ጤናው ሲጮኽ የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ ታግዶ ነበር። ሊታገድ የቻለው የሚታገድ ፈቃድና የሚጠራ ባለቤት ስለነበረው ነው። በየወንዙ ዳር የሚዞረው በርሜል ግን ማታ በባጃጅ ተጭኖ ይሄዳል።

ሁሉንም ውረሱ፣ ባለቤቶቹን እሰሩ እያልኩ አይደለም። ይህ ቢሆን በርሜሉ ከመንገድ ዳር ተነሥቶ ጫካ ይገባል፤ ምድጃውም ከደጅ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ሕፃናት አሉ። የሜርኩሪ እንፋሎት አይታይም፣ አይሸትም፤ ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል፣ የሚጎዳውም አንጎልን ነው። ቆፋሪው ይህን ዘዴ የመረጠው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ጠዋት ያወጣውን ድንጋይ ማታ ገንዘብ ሊያደርገው ይፈልጋል። ጓዳው ባዶ ለሆነ ሰው «ግማሹ ወርቅህ ባከነ» ብትሉት «ሌላው ግማሽ ዛሬ በእጄ ገባ» ይላችኋል፤ ልክ ነው።

መውጫው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ያ ነጭ ድንጋይ ከውኃ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ወርቅ 19 እጥፍ ይከብዳል። ገበቴ የያዘችው ሴት ይህን ቁጥር ሳትሰማ ሥራዋን የምትሠራው በእሱ ነው። በርሜሉ ይፍጭ፣ ነገር ግን ያለ ሜርኩሪ ይፍጭ። የተፈጨው በምንጣፍ በተነጠፈ ዘንበል ያለ ሳንቃ ላይ በውኃ ይውረድ፤ ከባዱ ምንጣፉ ላይ ይቀራል። ከአንድ ቶን ድንጋይ ጥቂት ኪሎ ብቻ ይተርፋል፤ ወርቁ ያለው እዚያ ነው። ከዚህ ወዲያ ሜርኩሪ የግድ ካስፈለገ ለዚህች ጥቂት ኪሎ ብቻ ይሁን፤ ድብልቁም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይሙቅ፤ ከሜርኩሪው ከ95 በመቶ በላይ በቱቦ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ለባለቤቱም ትርፍ ነው፤ ሜርኩሪ በነጻ አይገኝም። በፊሊፒንስ ቤንጌት በተባለው ተራራማ አውራጃ ያሉ ቆፋሪዎች ደግሞ ከነጭራሹ ትተውታል፤ ተጣርቶ የቀረውን ቦራክስ ከሚባል ነጭ ዱቄት ጋር አቅልጠው ወርቃቸውን ያወጣሉ። ቦራክስ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ የትኛውም ወርቅ አንጥረኛ ያውቀዋል።

ያን ክዳን ያለው ዕቃ አንድ ቀን ሞክሬ ሠርቼ ነበር። የመጀመሪያው ተበላሸብኝ፤ የተጠቀምኩበት የውኃ ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ስለነበር ሜርኩሪው ዚንኩን ይዞት ቀረ። በጥቁር ብረት የሠራሁት ሁለተኛው ሠራ። ለአንድ ደንበኛ በዋጋው ሰጠሁት፤ ይጠቀምበት አይጠቀምበት እግዜር ይወቅ። እዚህ ላይ ነው እናንተ የምታስፈልጉት። እኔ የሠራሁት በግምት ነው፤ ክዳኑ ቢያፈስ ሰው ልገድልበት እችላለሁ። ሚኒስቴሩ የተፈተነ አንድ ንድፍ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና ወርቅ በሚወጣባቸው አካባቢዎች በሚነገሩ ቋንቋዎች ያውጣ፤ የላሜራውን ውፍረት፣ የቱቦውን ርዝመት፣ የክዳኑን ማሰሪያ ይንገረን። በየወረዳው ብየዳ ቤት አለ። ከውጭ የሚገዛ ነገር የለበትም።

ሌላው ጥያቄዬ ስለ ግብይቱ ነው፤ ለብሔራዊ ባንክ ግልባጭ ያደረግሁትም ለዚህ ነው። መንግሥት ቆፋሪውን ጉድጓዱ ድረስ ወርዶ ሊቆጣጠረው አይችልም። ወርቁ ግን ከጉድጓድ ወደ ገዢ፣ ከገዢ ወደ ባንክ መምጣቱ አይቀርም፤ እጃችሁ የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ የአገሪቱ ቀዳሚ የወጪ ንግድ ገቢ ሆኗል፤ ትልቁን ድርሻ ያመጡትም እነዚሁ ባህላዊ አምራቾች ናቸው። ወርቅ ለመግዛት ፈቃድ የሚሰጠው ነጋዴ ሁሉ የሚዘጋ የማቃጠያ ዕቃና ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ሳይሆን የሚያስቀር ማጣሪያ እንዲኖረው ለምን አይገደድም? ቆፋሪው ድብልቁን እዚያ አምጥቶ በነጻ ቢያስወጣ ቤቱ አያቃጥልም። ገዢው ሜርኩሪውን መልሶ ያገኛል፤ ባንኩም ንጹሕ ወርቅ ይረከባል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲባል ሰምተናል፤ ለዚህ መሬት ግን ጠጠር እንኳ አልመለስንለትም።

በሕጉ በኩል የምጠይቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ድንጋይ መፍጫው ይፈቀድ፣ ይመዝገብም፤ በመፍጫው ውስጥ ሜርኩሪ መጨመር ይከልከል። ሠሪው ስሙን በበርሜሉ ላይ በብየዳ እንዲጽፍ አስገድዱን። እኔ ከጻፍኩ በኋላ ለማን እንደምሸጥ ሁለት ጊዜ አስባለሁ።

አራተኛው በርሜል፣ እንደነገርኳችሁ፣ ግቢዬ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ቀብድ ከፍሏል፤ ቀብዱም ለልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ውሏል። ሰሞኑን በየቀኑ ይደውላል። «ለመፍጨት ብቻ ነው፣ ሜርኩሪ አልጨምርም» ይለኛል፤ ሲለኝ ድምፁ ይስቃል። ብሠራለት የሚከለክለኝ እኔ የማውቀው ሕግ የለም። ባልሠራለት ሁለት መንገድ ወዲያ ያለው ብየዳ ቤት ይሠራለታል። የሚቀጥለው ስልክ ሲደወል ምን ብዬ ልመልስለት?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የብረት ሠራተኛ
አሶሳ