ብሌንደር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጤና ዓምዳችሁ ጠዋት ጠዋት ፍራፍሬ ፈጭቶ መጠጣት ጥሩ ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ፣ ሱቄ የሚመጣው ሰው ጥያቄ አንድ ሆኗል። «አያ፣ ብሌንደር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ይሉኛል። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሬዲዮ፣ ካውያ፣ ምጣድና ብሌንደር የምጠግን ሰው ነኝ። ሻጭ አይደለሁም። ሰው በገዛ ቁጥር ግን ይሰበራል፣ በተሰበረ ቁጥር ወደ እኔ ይመጣል። ስለዚህ «አትግዙ» ስል ጥቅሜን ትቼ እንደሆነ ይታወቅልኝ።

ለጁስ ብቻ ከሆነ አትግዙ። ማርቆስ ደጋ ነው። አቮካዶና ማንጎው ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ወገን፣ ከመራዊም ከቆጋ መስኖ በመኪና ነው የሚመጣልን። አንድ ሰሞን ገበያው ሙሉ ነው፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ ዋጋውን ጠይቀው ዝም ብለው ይሄዳሉ። የገዙት አቮካዶ ሁለት ቀን እንደ ድንጋይ ይደርቅና ሁሉም ባንድ ቀን ይበስላል። ደግሞ የበሰለ አቮካዶ ማሽን ምን ያደርግለታል? በሹካ ደፍጥጦ ሎሚ ጠብ ማድረግ ነው። ስፕሪስ ያማረው ሰው ጁስ ቤት ገብቶ አንድ ብርጭቆ ቢጠጣ ይሻለዋል፣ ጆግ ከማጠብም ይገላገላል።

ሴት ልጄ ነርስ ናት። እሷ የምትነግረኝን ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን የሚወሰደው ስኳር ከምግብ ኃይላችን 10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 5 በመቶው ወደ 25 ግራም፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። የጁስ ስኳርም ከዚሁ ይቆጠራል። እኛ ሰፈር አቮካዶ ጁስ ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አሁን ለማን እንደሚያዋጣ ልናገር። ጾም ለሚጾምና ቤቱ ሰው ለሚበዛበት ያዋጣል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ባለቤቴ ሱፉን ቀቅላ፣ አቀዝቅዛ፣ በውሃ ፈጭታ ታጠልለዋለች። ድሮ ይህ ሥራ ሙቀጫና ክንድ ይጠይቅ ነበር። አሁን ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንደዚሁ። ቀይ ሽንኩርት ላይ ግን ቤታችን ተከፍሏል። እናቴ «የተፈጨ ሽንኩርት ውሃ ይሆናል፣ ዶሮ ወጥ አይሆንም» ትላለች። እውነቷን ነው። በማሽን የደቀቀ ሽንኩርት ውሃውን ስለሚለቅ ድስት ላይ እስኪመጥ ጊዜ ይወስዳል። ባለቤቴ በበኩሏ ለፋሲካ ያን ሁሉ ሽንኩርት በእጅ የሚከትፍ ሰው ካለ ይምጣ ትላለች። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም። እበላለሁ።

የመብራቱን ነገር የሚፈራ ብዙ ነው። አትፍሩ። 500 ዋት የሆነ ማሽን በቀን 3 ደቂቃ ቢሠራ በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ ብሌንደሩ በወር የሚበላውን እሱ በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። ቆጣሪያችሁን የሚያስሮጠው ምጣዱ ነው።

የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ አያያዙ። እኔ ጋ የሚመጣው ብሌንደር አብዛኛው የሞተው ተገድሎ ነው። ሞተሩ በራሱ ዘንግ ላይ ማራገቢያ አለው፣ የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። ወፍራም ነገር ሞልታችሁ ትንሽ ውሃ ስታደርጉበት ሞተሩ ይጨነቃል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። ማራገቢያውም አብሮ ይዘገያል። ሞተሩ ግን በዚያው ሰዓት ከወትሮው የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል። ሙቀት ይጨምራል፣ ማቀዝቀዣ ይቀንሳል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ወዲያው አጥፉ። «ትንሽ ነው የቀረው» ብላችሁ ከቀጠላችሁ የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ይነዳል። ማስጠቅለሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ማሽን ብዙም አይተናነስም። ግማሽ ጆግ፣ በቂ ውሃ፣ አንድ ደቂቃ አሠርቶ ማሳረፍ፤ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ገዳይ ውሃ ነው። ምላጩ ሥር ያለችው ጎማ ስትደርቅ ወይም ስትሰነጠቅ ፈሳሹ የምላጩ ዘንግ ወደሚዞርበት ኩሽኔታ፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። በርበሬና ኮረሪማ በትልቁ ጆግ ደረቁን የሚፈጩም አሉ። ዱቄቱ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባና ያንጫጫዋል። ለቅመም አብራ የምትመጣዋን ትንሿን ተጠቀሙ፣ ከሌላት ሙቀጫው አለ። የፈላ ሾርባ ከድኖ መፍጨት ደግሞ ከማሽኑ ይልቅ ለሰው ያሰጋል። እንፋሎቱ ክዳኑን አስፈንጥሮ ፊት ያቃጥላል።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ ካለ አደራ፣ ከመሰካታችሁ በፊት ገልብጡት። ከሥሩ የተለጠፈችው ላይ 120 ቮልት የሚል ከሆነ የእኛ 220 ነው፤ ሶኬት ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ይጨሳል። 60 ሄርዝ የሚለው ለዚህ ዓይነት ሞተር ግድ የለውም፣ ጉዱ ቮልቱ ላይ ነው። ዋቱ ከማሽኑ በደንብ የሚበልጥ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። በሻንጣ ተሸክመው ያመጡትን አዲስ ዕቃ «አያ፣ አንዴ ብቻ ነው የበራ» ብለው ሲሰጡኝ እኔም ያመኛል።

ሱቅ ስትገቡም ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። እሱ ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚደርስበት ነው። ሥሩ ላይ ያለውን አንብቡ። ጆጉ ብርጭቆ ቢሆን እመርጣለሁ። ከባድ ነው፣ ከወደቀም አበቃለት፤ ግን የነጭ ሽንኩርት ሽታ አይዝም። ፕላስቲኩ ይዞ ይቀራል፣ በማግስቱ የሙዝ ጁሳችሁ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ከጆጉ ሥር ያለችውን፣ ሞተሩን ከምላጩ የምታገናኘውን ጥርስም በጣታችሁ ነካ አድርጓት። ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነች ቶሎ ትበላለች።

ከሁሉ በፊት ግን ሻጩን «የዚህ ጎማና ጥርስ ለብቻው አለህ?» በሉት። የለኝም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። በጎማ እጦት ብቻ የተጣለ፣ ሞተሩ ደህና የሆነ ብሌንደር ሱቄ ውስጥ ተደርድሯል። የከተማችን ነጋዴዎችም ይህን ካነበባችሁ፣ ማሽኑን በካርቶን ስታመጡ ጎማና ጥርሱን፣ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውንም ካርቦን ትንሽ ትንሽ ጨምራችሁ አምጡ። ገዢ አለው፤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ፣ ከደብረ ማርቆስ