ሊንኩን የነካ ሰው ለምን ይደበቃል?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምሠራው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ባለፈው ወር ቢሮአችን የደረሰበትን ልንገራችሁ፤ ሌላ ቦታም እንዳይደገም።

ገንዘብ ያዣችን አንድ ጠዋት ኢሜይል ደረሳቸው። «የመልእክት ሳጥንዎ ሞልቷል፤ ዛሬ ካላደሱት ይዘጋል» ይላል። አርማው የኛ፣ የላኪው ስም የኛው አይቲ ክፍል ነው። ወር መጨረሻ ስለነበር ደመወዝ እየሠሩ በጥድፊያ ሊንኩን ነኩና በተከፈተው ገጽ ላይ የይለፍ ቃላቸውን አስገቡ። ወዲያው ጥርጣሬ ገባቸው። ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

በአምስተኛው ቀን አንድ ደንበኛ ደወለ። «የባንክ ሒሳብ ቁጥር ቀየራችሁ እንዴ?» ከሳቸው ኢሜይል፣ በሳቸው ስም፣ ክፍያው በአዲስ ቁጥር ይግባ የሚል ደብዳቤ ደርሶታል። ሳይከፍል መደወሉ አተረፈን።

ለገሃር በኩል ካለች ካፌ ቡና ይዘን ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ተሞኘች ልባል?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። አለቆቻችን ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧቸው። እሺ፣ ከእንግዲህ ሊንክ ነክቶ የሚናገር ማን ነው?

ማንም ሊሞኝ ይችላል። የላኪ ስም ላይ ያሻውን መጻፍ ለሌባ ቀላል ነው። ስሙን ስትነኩት የሚወጣውን አድራሻ እዩ፤ የኛው ላይ የእንግሊዝኛዋ ኦ በዜሮ ተተክታ ነበር፣ ማን በጥድፊያ ያያታል? ከድረ ገጹ አድራሻ ጎን የምትታየው የቁልፍ ምልክትም ዋስትና አይደለችም፤ የሌባ ገጽም ላይ ትኖራለች።

ከተነካ በኋላ ግን እያንዳንዷ ሰዓት ዋጋ አላት። የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን አይበቃም። የሳቸውን ከቀየርን በኋላ ሴቲንጉን ስናይ፣ የሚመጣላቸው ደብዳቤ ሁሉ ወደ ማናውቀው አድራሻም እንዲተላለፍ ተደርጎ አገኘነው። እሱን አጠፋን፣ አካውንቱን ከተከፈተበት ስልክና ኮምፒዩተር ሁሉ አስወጣን፣ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ስልክ ላይ የሚመጣ ኮድም እንዲጠይቅ አደረግን። ያው የይለፍ ቃል የሚሠራበት ሌላ አካውንት ካለ እሱም ይቀየር። ባንክ ሲደወል ኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን በምታውቁት ይሁን። ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም በ933 ማሳወቅ ይቻላል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ያልቅ ነበር፣ እሳቸው ሳይፈሩ ቢናገሩ።

ወንጀሉስ የማን ነው? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚቀጣው አጭበርባሪውን ነው፤ የተጭበረበረውን አይደለም።

አለቆቼ ይህን ጋዜጣ እንደምታነቡ አውቃለሁ። እባካችሁ፣ ያቺን ማስጠንቀቂያ ከፋይላቸው አውጡላቸው።

አንባቢያችሁ
ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አዲስ አበባ