አሮጌ ሞተር ሳይክሎችን ለደጋ ስለማስተካከል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጎጃም ወረዳዎች የግብርናና የጤና ሠራተኞች የሚገለገሉባቸው አሮጌ ሞተር ሳይክሎች፣ በተለይም ቤንዚንና ዘይት አብረው የሚያቃጥሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች፣ እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ያሉት፣ «ዳገት አልወጣ አሉ» ተብለው ወደ ጋራዥ ሲመጡ የሚደረግላቸው ነገር ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልጋቸው ተቃራኒ ነው። በጥገና ሙያ የምተዳደር እንደመሆኔ በጉዳዩ ላይ ያለኝን አስተያየት በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጉልበት አነሰው የተባለ ሞተር ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ክፍል) ይፈታና ዋናው ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑን ለክቶ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ትንሽ የነሐስ ብሎን፣ ቀዳዳው በሽቦ እየተፋቀ እንዲሰፋ ይደረጋል። የአየር ማጣሪያው «ትንፋሽ ይዘጋል» ተብሎ ይጣላል፤ የጭስ መውጫው ማርሚታም ይቆረጣል። ጩኸቱ ስለሚጨምር ባለቤቱ ጉልበት የተጨመረለት ይመስለውና ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ አየሯ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ ወጥተን 4,000 ሜትር ስንደርስ ደግሞ ጉድለቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል። ሞተሩ የሚያጣው ጉልበትም በዚያው ልክ ነው። ካርቡሬተሩ በበኩሉ አየሩ በሳሳበት መጠን ቤንዚኑን ስለማይቀንስ፣ ለቆላ የተለካው ጄት ደጋ ላይ ከልክ ያለፈ ቤንዚን ያጠጣል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩም ይታፈናል። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ጄቱን ማስፋት የታፈነውን ይበልጥ ማፈን ነው። መደረግ የሚገባው አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ያለ ጄት ማስገባት፣ ከዚያም ዳገት ላይ የቤንዚን እጀታውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነድቶ ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው። የገብስ ቆሎ የመሰለ ቀለም ካሳየ ልኩ ተገኝቷል፤ ከጠቆረ ቤንዚኑ ገና ብዙ ነው፤ ከነጣ ግን እጅግ አንሷልና ከዚያ በላይ መንዳት ሞተሩን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች ተራራ ለተራራ የሚነዱት ስኖውሞቢሎችም ካርቡሬተር በነበራቸው ዘመን ችግራቸው ይኸው ነበር። አምራቾቹ ለየከፍታውና ለየቅዝቃዜው የሚስማማውን የጄት ቁጥር በሠንጠረዥ አዘጋጅተው ከመኪናው ጋር ይሰጡ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ከአባይ ሸለቆ እስከ ጮቄ ድረስ በአንድ ጄት ይኬዳል።

ማርሚታውን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ማርሚታ ድምፅ ማፈኛ ብቻ አይደለም፤ ሆዱ ሰፍቶ ጫፉ የጠበበው፣ ከሲሊንደሩ ሊያመልጥ የሚሞክረውን ያልተቃጠለ ቤንዚንና አየር በግፊት ማዕበል መልሶ እንዲያስገባ ታስቦ ነው። ሲቆረጥ ይህ ሥራ ይቀራል፤ ዳገት ላይ የሚፈለገው ጉልበትም አብሮ ይሄዳል። አሮጌ ማርሚታ የሚያሻው መጋዝ ሳይሆን ውስጡን የዘጋውን ጥላሸት ማጽዳት ነው። ያለቀ የፒስተን ፋሻ መቀየርና አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ የካርቡሬተር ጎማ መተካትም ከማንኛውም ማሻሻያ መቅደም አለባቸው፤ የደከመ ሞተር በጄት አይድንም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሳሳው አየር አይወፍርምና የጎደለው ጉልበት በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ ቀሪውን ሰንሰለቱን በሚያዞረው ጥርስ ማካካስ ይገባል። ባለ 15 የፊት ጥርስ በባለ 14 ቢተካ ሞተሩ ሰባት በመቶ ያህል የመሳብ ብልጫ ያገኛል፤ ፍጥነቱ በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል። በጮቄ ግርጌ ቀበሌዎች ለሚመላለስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የቀረው ፍጥነት ምን ያደርግለታል?

አንድ ጥንቃቄ ግን ሊዘነጋ አይገባም። ለደጋ የተቀነሰ ጄት ያለው ሞተር ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል፣ ታች ያለው ወፍራም አየር ቤንዚኑን ያሳንሰዋል፤ ሸለቆው ሞቃት በመሆኑም ተመልሶ ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሎ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ሊነክስ ይችላል። ቁልቁለቱም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው፤ እነዚህ ሞተሮች የሚያገኙት ዘይት ከቤንዚን እጀታው ጋር ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ፣ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ በማርሽ ረጅም መንገድ መውረድ ሞተሩን ዘይት ያስርበዋል፤ አልፎ አልፎ ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል። አባይን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚሄድ ሰው የቀድሞውን ጄት በኪሱ ይዞ ደጀን ላይ ቢቀይር ከብዙ ወጪ ይድናል። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አስልጦ ግፊት መጨመርንም የምመክረው ከደጋ ለማይወርድ ሞተር ብቻ ነው።

የዚህ ሁሉ ዋጋ አዲስ ሲሊንደር ከማስገባት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በመሆኑም ሞተር ሳይክል ለሠራተኞቻቸው የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ የጥገና በጀት ሲይዙ ሁለት ሦስት ዓይነት ጄትና አንድ ትርፍ የፊት ጥርስ ለየሞተሩ እንዲያካትቱ፣ ከጥገና በኋላ ርክክብ ሲደረግም ካንዴላው ተፈትቶ እንዲታይ አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተር ሳይክል ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ