ፕሮቲንን ከስኳር የሚለየው ምንድን ነው?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ሰሞኑን በስልክ ያነሳሽው ጥያቄ በጣም ደስ ስላለኝ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። «ስኳርም፣ ቅባትም፣ ፕሮቲንም ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ካላቸው፣ ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?» ነበር ያልሽኝ።

ናይትሮጅን ላይ ነው። ፕሮቲን የሚሠራው ከአሚኖ አሲዶች ነው። ዋናዎቹ 20 ናቸው፤ ናይትሮጅን የሌለው አንድም የለም። አንዱ አሚኖ አሲድ ከሌላው ጋር ሲያያዝ የአንዱ ካርቦን የሌላኛውን ናይትሮጅን ይይዛል፣ አንድ የውሃ ሞለኪውልም ይወጣል። ሰንሰለቱ የሚረዝመው እንዲህ ነው። ስለዚህ ናይትሮጅን ከሌለ ሰንሰለቱም የለም።

በክብደት ካየነው የፕሮቲን ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ከዚያ ኦክስጅን ይከተላል፤ ሃይድሮጅን 7 በመቶ ገደማ ነው። አንቺ ግን የናይትሮጅንን ቁጥር ያዢ፦ በአማካይ 16 በመቶ። ዮሃን ኬልዳል የተባለ የዴንማርክ ኬሚስት በ1883 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውስጥ በአንድ የቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ሲሠራ ናይትሮጅንን የሚለካ ዘዴ አወጣ። ናሙናው በሰልፈሪክ አሲድ ይፈላል፣ ናይትሮጅኑ በመጨረሻ አሞኒያ ሆኖ ይወጣል፣ እሱ ይለካል። የተገኘው ናይትሮጅን በ6.25 ሲባዛ የፕሮቲኑን መጠን ይሰጣል። 6.25 ከየት መጣ? 100ን ለ16 አካፍዪና እይው።

ዘዴው ግን የሚቆጥረው ናይትሮጅንን እንጂ ፕሮቲንን አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ውሃ የገባበት ወተት ላይ ሜላሚን ጨመሩ። ሜላሚን ፕላስቲክ መሥሪያ ነው፤ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። ምርመራው ወተቱን በፕሮቲን የበለጸገ አድርጎ አሳየ። ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፣ ስድስቱ ሞቱ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ኬሚስትሪን በደንብ እንድታውቂ የምጎተጉትሽ አንዱም ለዚህ ነው።

ፕሮቲን ውስጥ የሚገኘው አምስተኛው ንጥረ ነገር ሰልፈር ነው። ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች ውስጥ ሲስቲንና ሜታዮኒን ብቻ ናቸው የያዙት። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ! የሁለት ሲስቲኖች ሰልፈር እርስ በርስ ሲያያዝ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይዞ ይጸናል። ፀጉር ጠንካራ የሆነው በዚህ ነው፤ ሲቃጠል ያን መጥፎ ሽታ የሚሰጠውም ይኸው ሰልፈር ነው። እንቁላል ከልክ በላይ ሲቀቀል አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት አይተሽ ታውቂያለሽ? ከነጩ ክፍል ፕሮቲን የወጣው ሰልፈር አስኳሉ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ተዋህዶ ነው።

ፈተና ላይ ስለ ፕሮቲን ንጥረ ነገሮች ተጠይቀሽ «ብረት» የሚል ምርጫ ካየሽ ግን ጠንቀቅ በይ። የደም ፕሮቲን የሆነው ሄሞግሎቢን ብረት ይዟል፣ የወተቱ ፕሮቲን ኬዚን ደግሞ ፎስፈረስ አለው። የሁሉም ፕሮቲን አካል ግን አይደሉም።

ይህ የፎስፈረስና የሰልፈር ልዩነት አንድ ትልቅ ጥያቄ ፈትቷል። ዲኤንኤ ፎስፈረስ አለው፣ ሰልፈር የለውም። በ1952 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ኸርሺና ማርታ ቼዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ወስደው የፕሮቲኑን ሰልፈርና የዲኤንኤውን ፎስፈረስ በጨረር አመንጪ አቶሞች ምልክት አደረጉባቸው። ቫይረሱ ባክቴሪያውን ሲያጠቃ ፎስፈረሱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሰልፈሩ በአብዛኛው ውጭ ቀረ። የዘር መልእክት ተሸካሚው ፕሮቲን ሳይሆን ዲኤንኤ መሆኑን ብዙዎች ያመኑት ያኔ ነው። ባዮሎጂ ክፍል እዚህ ሙከራ ላይ ስትደርሱ ደውዪልኝ፤ መምህራችሁ እንዴት እንዳስረዷችሁ መስማት እፈልጋለሁ።

አባትሽ