እስቲ ስለ ሮበርትሰንም ጻፉልን

ሰላም አዘጋጅ፣ የስፖርት ገጻችሁን ሁሌ ነው የማነበው ግን ወሬው ሁሉ ጎል አግቢ ብቻ ሆነብኝ፣ እስቲ አንዴ ስለ ስኮትላንዳዊው የግራ መስመር ተከላካይ አንዲ ሮበርትሰን ጻፉልን። የግላስጎው ልጅ ነው፣ በ15 ዓመቱ የዛው ከተማ ክለብ ሴልቲክ ትንሽ ነህ ብሎ ሸኘው፣ ከዛ ኩዊንስ ፓርክ የሚባል ደሞዝ የማይከፍል አማተር ክለብ ገባና እዛው ሃምፕደን ፓርክ ስታዲየም ስልክ እያነሳ ትኬት ይሸጥ ነበር። ከዛ ለዳንዲ ዩናይትድና ለሃል ሲቲ ተጫወተ (ከሃል ጋር ሁለቴ ከፕሪሚየር ሊግ ወርዷል)፣ በ2017 (በፈረንጆች) ደግሞ ሊቨርፑል በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። እኔ የማልረሳው ጃንዋሪ 2018 ማንቸስተር ሲቲን 4 ለ 3 ያሸነፉ ቀን ነው፣ ኳሷን ካንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው እያሳደደ ግብ ጠባቂው ኤደርሰን ጋ ደረሰ፣ የግራ መስመር ተከላካይ እኮ ነው! በ2019 ቻምፒየንስ ሊግን፣ ከዛ ፕሪሚየር ሊጉን ሁለቴ አነሳ፣ በ2025 ደግሞ አምበል ሆኖ ዴንማርክን 4 ለ 2 አሸንፈው ስኮትላንድ ከ1998 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ገባች። ታናሽ ወንድሜ ቁመትህ አይሆንም ተብሎ ከሙከራ እያለቀሰ ሲመጣ የነገርኩት ይሄንኑ ታሪክ ነው፣ በማግስቱ ታኬታውን አስሮ ወጣ። በናታችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት።