ለልጄ፦ የሌላ ሰው ልጆችን አሰልጥን

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጅህ ሚጡስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏት ገበያ መውጣት ጀምራለች።

እሁድ ያነሳህልኝን ነገር ሳልመልስልህ ወደ ሥራ ሮጥክ። የእግር ኳስ ክለቡ የሚጡን ቡድን ያዝልን ብሎሃል፤ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋሉ። "አባዬ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ልጅ ስታሰለጥን ነው የኖርከው፤ ምን ትለኛለህ?" አልክ። ነገሩ በቴሌግራም ተቆራርጦ የሚላክ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ነው።

መልሴን አላንዛዛም። የሚጡን ቡድን አትያዝ። ማሰልጠኑን ግን አትተወው። ሌላ ቡድን ስጡኝ በላቸው።

እንዳትሳሳትብኝ፤ አባት ኳስ ሜዳ ምን ይሠራል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እኔ ልጅ ሳለሁ አባት ሜዳ ብቅ የሚለው ቀበቶውን ፈትቶ ነበር። የጨርቅ ኳሳችንን ጥለን በየአጥሩ እንፈረጥጥ ነበር። እናንተ ጋ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ መጥቼ አባቶች ፊሽካ አንጠልጥለው የልጆቻቸውን የጫማ ክር ሲያስሩ ሳይ ደስ ነው ያለኝ። ሬክ በምትሉት፣ ለመዝናናት ብቻ በሚጫወቱት ጨዋታ ላይ፣ 4 ለ4 ሲጫወቱ፣ በረኛ እንኳ ሳይኖር፣ ሁሉም ኳሷ በሄደችበት ይግተለተላሉ፤ አንዷ መሃል ሜዳ ቁጭ ብላ ሳር ትነጫለች። እዚያ ላይ አባት ቢያሰልጥን ማንን ይጎዳል? እንዲያውም ወላጅ ባይኖር ሊጉም የለም። አይሶ የሚባለው የልጆች እግር ኳስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ካሊፎርኒያ ቶራንስ ውስጥ ሲመሠረት የቆመው በበጎ ፈቃደኛ ወላጆች ነው፤ ከመርሆቹ አንዱም ሁሉም ይጫወታል የሚል ነው። ሚጡ 6 ዓመቷ ሳለ ያንን ቡድን በመያዝህ ኮርቼብሃለሁ።

አሁን የጠየቁህ ግን ሌላ ሥራ ነው። ትራቭል ነው፤ ልጆች ተመርጠው የሚገቡበት የውድድር ቡድን። ልጆች ቁጥር ተለጥፎባቸው ትራይአውት የሚሉትን የመምረጫ ፈተና ይፈተናሉ። ማታ ኢሜይል ይመጣል፤ አንዷ አልፋለች፣ ጓደኛዋ ቀርታለች። ወላጅ በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። እስቲ ሒሳቡን ከእኔ ጋር ሥራው። በሚጡ ዕድሜ ጨዋታው 9 ለ9 ነው፤ ሁለት 30 ደቂቃ። ቡድኑ ግን እስከ 16 ልጅ ይመዘግባል። ዘጠኙን በ60 ብታበዛ 540 ደቂቃ ነው። ለ16 ሲካፈል ለአንዷ 34 ደቂቃ አይሞላም። በረኛዋ ሙሉውን ከተጫወተች ደግሞ የሌሎቹ ይቀንሳል። እንግዲህ ዋና አሰልጣኝ ማለት እነዚህን ደቂቃዎች የሚያከፋፍል ሰው ማለት ነው። ልምምድ ማሠራቱ ቀላሉ ነው፤ ኮን መደርደር ማንም ይችላል። ከባዱ ቅዳሜ ጠዋት ሰባት ልጆችን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። ከ16ቱ አንዷ ያንተ ልጅ ስትሆን ምን ብታደርግ ያምርብሃል?

ሰው የሚፈራው አባት ያዳላል ብሎ ነው። ያዳላም አይጠፋም። እኔ ግን በብዛት ያየሁት ተቃራኒውን ነው። አድልዎ እንዳይባል ሲል በገዛ ልጁ ላይ የሚጨክነውን።

ቦይድስ ሶከርፕሌክስ የሄድንበት ቅዳሜ ትዝ ይልሃል? ነፋሱ ተጣጣፊ ወንበሬን ሊገለብጠው የደረሰ ዕለት። አንተ ውጤቱን ስትከታተል እኔ ዓይኔ ያረፈው የተጋጣሚው ቡድን ቀኝ ተከላካይ ላይ ነበር፤ ፀጉሯን ሁለት ቦታ የተጎነጎነችው ልጅ። አሰልጣኙ አባቷ ነበር። ሌሎቹ ኳስ ሲያበላሹ አጨብጭቦ ያበረታታል። እሷ ስታበላሽ ግን ሙሉ ስሟን ይጠራል። ከእረፍት በኋላ ኳስ በደረሳት ቁጥር መጀመሪያ የምታየው እሱን ሆነ። አንዴ ቀና ስትል ኳሷ በእግሯ ሥር አለፈችና ጎል ተቆጠረ። ወዲያው ቀየራት። አጠገቡ ስትደርስ የውሃ ኮዳ አቀበላት፤ ፊቷን ግን አላየም።

ሰውዬውን ክፉ ነው አልልም። ከኋላው የሌሎቹ ወላጆች ተደርድረው እንደተቀመጡ ያውቃል። ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። እንግሊዛዊው አሰልጣኝ ብሪያን ክላፍ ኖቲንግሃም ፎረስት ውስጥ ልጁን ናይጄልን ለዓመታት አሰልፎታል። በሰው ፊት ግን ልጄ አይለውም፤ "ዘጠኝ ቁጥሩ" ነበር የሚለው። አሌክስ ፈርጉሰን ልጁን ዳረንን ማንቸስተር ዩናይትድ ውስጥ አሰለፈው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1994 ደግሞ ዎልቭስ ለሚባለው ክለብ ሸጠው፤ ሚስቴ ለዚህ ይቅር አላለችኝም ብሎ ራሱ ተናግሯል። ቼዛሬ ማልዲኒ እ.ኤ.አ. በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ጣሊያንን ሲያሰለጥን አምበሉ ልጁ ፓኦሎ ነበር፤ ፓኦሎ ግን ያኔ 30 ዓመቱን የደፈነ፣ ከሚላን ጋር 3 ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። አባቱ ስላለ ነው የሚለው ቢኖር የሚስቅበት እንጂ የሚሰማው የለም። ሚጡ 10 ዓመቷ ነው።

እሷ ጎል ብታገባ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። "አባቷ አይደል አሰልጣኙ።" የደከመችበት ሁሉ ባንተ ስም ይመዘገባል። ሜዳው ዳር አንዷ እናት ስልኳ ላይ ደቂቃ ስትቆጥር አይቻታለሁ፤ ልጇ የገባችበትንና የወጣችበትን ትጽፋለች። እሷ ክፍያዋን ከፍላለች፣ መብቷ ነው። ነገ ልጇ 20 ደቂቃ፣ ሚጡ 45 ደቂቃ ብትጫወት፣ ሚጡ የቡድኑ ጎበዝ ብትሆን እንኳ፣ ማን ያምንሃል? በሁለት ቢላ ይበላል ነው የምትባለው። ለአሰልጣኝ ልጅ ክፍያ ይቀነሳል ስላልከኝም ነገር፣ ገንዘቡ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ያቺ ቅናሽ የሐሜቱን ግማሽ እንኳ አትከፍልልህም።

ደግሞ ሌላ አለ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። ባለፈው ክረምት "ከመቀበልሽ በፊት ዞር ብለሽ እዪ" እያልክ ስትለምናት ከረምክ። "አውቃለሁ ዳድ" ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች። ያ ወጣት አሰልጣኟ አንድ ቀን አንዴ ቢላት፣ በማግስቱ ጓሮ ውስጥ ብቻዋን ዞር እያለች ስትለማመድ አየኋት። ያንኑ ቃል ነው ያላት። አንተ ተናደድክ፤ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንተ 7ኛ ክፍል ሳለህ የትምህርት ቤቱን ቡድን የማሰለጥነው እኔ ነበርኩ። አንተን በሚመለከት ግን አሰላለፉን የሚያወጣው የሂሳብ መምህራችሁ ነበር። ሆን ብዬ ነው የሰጠሁት። የገባህ አልመሰለኝም፤ ብቻ ተቀያሪ ያደረገህ ቀን ቤት መጥተህ ያላልከው አልነበረም። ኳስ አያውቅም፣ ዓይኑ አያይም፣ ለሀብታም ልጅ ያደላል። እናትህ ወጥ ትጨምርልሃለች፣ እኔ "እንዴ! እንደሱ አደረገ?" እላለሁ። እያማኸው ሁለት ጊዜ ተጨምሮልህ በላህ። በማግስቱ ለልምምድ ቀድመህ የተገኘኸው አንተ ነህ።

ሚጡ አሰልጣኟን ለማን ታማዋለች?

እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ብቻ ነው። ከሜዳ ወደ ቤት ስትመለሱ ያለችውን መንገድ አስባት። የእግር መከላከያዋን አውልቃ መኪናው ወለል ላይ ትጥላለች፣ ካልሲዋ ይሸታል፣ መስኮት ትከፍታለች። ተሸንፈው ከሆነ አታወራም። አንተ አባቷ ብቻ ስትሆን ምን ልብላ ነው የምትልህ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ትጀምራለች፣ ጓደኛዋ ኳስ እንደነፈገቻት፣ አሰልጣኙ ግራ ላይ ስላጫወታት ደስ እንዳላላት። ያው ሰውዬ አንተ ከሆንክ ግን ዝም ትላለች፤ ወይም አንተ ትጀምራለህ። "ሁለተኛው ጎል ላይ የት ነበርሽ?" ብለህ ትጀምራለህ። እኔ አውቅሃለሁ፣ አትችልም። መሪ ይዘህ ስለ አሰላለፍ ታስባለህ። እናቷም አሰልጣኙን ብትነቅፍ ባሏን መንቀፏ ስለሚሆን እሷም ዝም ትላለች። ቤታችሁ ውስጥ የቡድኑ ሰው ያልሆነ አንድ እንኳ አይተርፍም።

ስለዚህ ነው ሌላ ቡድን ውሰድ የምልህ። አሜሪካዊውን ተጫዋች ክርስቲያን ፑሊሲክን ሚጡ ትወደዋለች አይደል? በ16 ዓመቱ ከፔንሲልቫኒያ ወደ ጀርመኑ ክለብ ዶርትሙንድ ሲሄድ አባቱ ማርክ አብሮት ሄደ። ማርክ ራሱ ተጫዋችም አሰልጣኝም የነበረ ሰው ነው። እዚያ ክለብ ውስጥ ግን ያሰለጥን የነበረው ትንንሾቹን ልጆች ነው። ማታ ቤት ሲገናኙ አባትና ልጅ ናቸው።

ከሚጡ ሜዳ ቀጥሎ ያሉትን የ8 እና የ9 ዓመት ወንዶች አስታውሳቸዋለሁ። አንዱ ኮሌጅ ተማሪ ነበር የሚይዛቸው፤ ፈተና ሲደርስበት ይቀራል፣ ልጆቹም እርስ በርስ ይራገጣሉ። 7 ለ7 ነው የሚጫወቱት፤ ሥራውን ለመልመድ ላንተም ይሻላል። ልምምዱ በዚያው ሰዓት ከሆነ አንድ ጉዞ ነው፣ ቤንዚኑም አይጨምርም። እሷን በሩቅ እያየህ የሰው ልጆች ታሰለጥናለህ፤ እሷንም ሰው ያሰለጥንልሃል። ልጆችን ከጥቃት ስለመጠበቅ የሚያስተምረውን የሴፍስፖርት ሥልጠና፣ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያውንና የፌዴሬሽኑን የጀማሪ አሰልጣኝ ኮርስ ሳትጨርስ ግን ሜዳ እንዳትገባ። ቶሎ ጀምረው።

ምናልባት "አንተ ካልያዝከው ቡድኑ ይፈርሳል" ይሉህ ይሆናል። ይህን ማለት ይወዳሉ። እውነት ከሆነ ልጆቹን ሜዳ አልባ አድርግ አልልህም። ለአንድ ዓመት ያዝላቸው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሌላ ሰው እንዲያመጡ በጽሑፍ ያረጋግጡልህ። ትራይአውቱን አንተ አትፍረድ፤ የሚጡን ውጤት ቡድኑ ውስጥ ልጅ የሌለው አሰልጣኝ ይሙላ። ቅያሪውን ለረዳትህ ስጠው፣ ረዳትህም የማንም ወላጅ አይሁን። 11 ለ11 የሚጀምሩበት 13 ዓመት ላይ ግን ቢያለቅሱም ውጣ። ያኔ ደቂቃው ብቻ አይደለም፤ ጎረምሳነቱም ይመጣል፣ አባትና አሰልጣኝን ባንዴ መሸከም ይከብዳታል።

ከዓርብ በፊት ደግሞ እሷን ጠይቋት። አንተ አትጠይቅ፤ እናቷ ትጠይቃት፣ አንተ ሥራ በሄድክበት። አንተ ከጠየቅካት እሺ ነው የምትልህ፤ ታሳዝናታለህ። ምን እንዳለች ንገረኝ፤ አይሆንም ካለች አኩርፈህ እንዳትደውልልኝ ብቻ።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ። በርበሬውና ሽሮው ተፈጭቶ ታሽጓል። ከዚህ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ካለ ቀኑን ላክልኝ፤ እናትህ ስንት ኪሎ እንደሚይዝላት ማወቅ ትፈልጋለች።

አባትህ